ሞተሩ ጨምሯል፣ ፍሪሲዮኑስ?

ዊንጌት አካባቢ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው የለም፤ መኪና ያለው ግን ጥቂት ነው። ሰፈራችንን የክርክር ሰፈር ያደረገውም ይኸው ነው። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ቶናውን ሳታቀርብ የአንድ ሰው ሞተር በወሬ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ባለ መኪናው ገና ከአልጋው አልወረደም።

የሰሞኑ ክርክር የጎረቤቴ ሚኒባስ ነው። ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ አላልፍም። ከመርካቶ ዊንጌት፣ ከዊንጌት አስኮ የምትመላለስ፣ ዕድሜዋ የረዳታቸውን ዕድሜ የሚበልጥ ቶዮታ ሚኒባስ አለቻቸው። ሞተሯ «ቱ ኤል» የሚባለው፣ 2,446 ሲሲ የሆነው የናፍጣ ሞተር ነበር። ኖሮ ኖሮ ከናፍጣው ይልቅ ዘይት መጠጣት ሲወድ፣ ጋሼ «ከማሳደስ መቀየር ይሻላል» ብለው ከሶማሌ ተራ አንድ «ፋይቭ ኤል» አስመጡ። 2,986 ሲሲ ነው። ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ሥጋት አያጣውም፤ የገዛው ዕቃ ባለፈው ሳምንት ከራሱ መኪና ላይ የጠፋው እንዳይሆን። የጋሼ ሞተር ግን ከነወረቀቱ ነው የመጣው፤ ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ሰፍሯል።

ሞተሩ ገባ። ካምቢዮው የድሮው ነው። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑም የድሮው ናቸው። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ ላይ ነው፤ ለቱ ኤል የተሠራ ፍሪሲዮን ፋይቭ ኤልን ይችለዋል ወይስ አይችለውም?

ግማሹ «ይበላዋል» አለ። ወር አይሞላም፣ ሸራው አመድ ይሆናል፣ እንጦጦን ሳትጨርስ ወደ ኋላ ትመጣለች። ጋሼ እንጦጦ ምን ሊያደርጉ እንደሚወጡ የጠየቀ የለም። ሌላው ግማሽ «አይነካውም፣ የጃፓን ዕቃ ነው» አለ። የጃፓን ዕቃ መሆን በእኛ ሰፈር የክርክር መዝጊያ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ባለጌ ይባላል። መካኒኩ ብቻ ዝም አለ። ቢቃጠል የሚቀይረው እሱ ነው፤ ባይቃጠል ደግሞ ሞተሩን የገጠመው እሱ ስለሆነ ምስጋናው የእሱ ነው። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ የተደላደለ ኑሮ ያለው ሌላ ሰው አላውቅም።

እኔ መኪና የለኝም። ስለዚህ አስተያየቴ ከማንም የጠነከረ ነው።

እስኪ ከአየሩ ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እኛ ዊንጌቶች ደግሞ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስለተጠጋን ከቦሌ ሰዎች በላይ ነን፤ ቢያንስ በዚህ በኩል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ ከአምስት አንዱ ጎድሏል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ አይበላም። ነዳጁን የሚያነድበት አየር ካላገኘ ጉልበት ከየት ያመጣል? ፋብሪካው በወረቀት ላይ የጻፈው የፈረስ ጉልበት የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብን የመሰለ ቦታ ማለቴ ነው። ከባድ መኪና ይዘው ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ሾፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ አዋሽ ላይ ያችው መኪና ሌላ ሆና ትከንፋለች፤ ስትመለስ አዳማን አልፋ መቃተት ትጀምራለች።

አሁን የጋሼን ሒሳብ እንሥራ። 2,986 ሲሲው ሞተር ዊንጌት አደባባይ ላይ ቆሞ የሚስበው አየር፣ አንድ 2,360 ሲሲ የሚሆን ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚስበው አይበልጥም። 2,360 ደግሞ ከ2,446 ያንሳል። ይህ ማለት ሰውየው ያን ሁሉ ብር አውጥተው፣ ትልቅ ሞተር አስገብተው፣ ሰፈሩን አስጨንቀው ያገኙት ነገር ቢኖር ቶዮታ ለአሮጌው ሞተር ቃል የገባለትን፣ እንጦጦም ለዓመታት ሲነጥቃቸው የኖረውን ጉልበት ነው። ፍሪሲዮኑ የተሠራው ባሕር ወለል ላይ በሙሉ ሳንባው ለሚተነፍስ ቱ ኤል ነው። አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሲያርፍ ነው የኖረው።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ትርፍ አየር ይዞ ስለሚሠራ በከፍታ የሚያጣው ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። በሌላ በኩል እንዲህ ያሉት የድሮ ሞተሮች የናፍጣ ፓምፕ ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም። ጅቡቲም ይሁን ሩፋኤል ደጃፍ የታዘዘውን ያህል ናፍጣ ይረጫል፤ አየር ያጣው ናፍጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ያለውን ሰው ያለብሳል። «ፓምፑን ክፈትልኝ፣ ጉልበት ይጨምር» የሚል ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ጭሱን ነው። ጭሱ በፍሪሲዮን በኩል አያልፍም፤ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘባቸው ሰውዬም ይህን የከፍታ ነገር ቀምሰውታል። ኦርድ ዊንጌት እንግሊዛዊ መኮንን ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም ከሱዳን ተነስተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገቡት «ጌዴዎን» የተባለውን ጦር ይዘው ነው። ጭነታቸው በግመል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የቆላ ግመሎች ወደ ጎጃም ደጋ ተነዱ፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ሰውዬው ግን ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ እሳቸውም አብረው ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ስማቸው ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ፣ ከትምህርት ቤቱ ለሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ለረዳቶቹ ጉሮሮ። ዛሬ «ዊንጌት፣ ዊንጌት! የሞላ!» ብሎ የሚጮኸው ልጅ ስለ ግመሎቹ የሰማ አይመስለኝም። «የሞላ» ያለውም ሁለት ሰው ሲቀረው ነው።

ወደ ፍሪሲዮኑ። ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ሞተሩ ላይ የታሰረ ከባድ የብረት ክብ አለ፤ ቮላኖው። ከካምቢዮው የመጣ፣ በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ። ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ በስፕሪንግ ኃይል ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ የሚይዝ ሌላ ብረት አለ፤ መካኒኮቹ ፕሬዥር ፕሌት ይሉታል። ፔዳሉን ስትረግጥ ይላቀቃሉ፤ ስትለቅ ይጣበቃሉ። የመያዝ አቅሙን የሚወስኑት ስፕሪንጉ የሚጫንበት ኃይል፣ የሸራው መንከስ እና የዲስኩ ስፋት ናቸው። የፈረስ ጉልበት እዚህ ውስጥ ስሙም አይነሣም። ፍሪሲዮን የሚያውቀው ሞተሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚጠመዝዘው ብቻ ነው፤ ፋብሪካዎቹም ሲሠሩት ሞተሩ ሊያመጣ ከሚችለው ጥምዘዛ በላይ እንዲይዝ ትርፍ ትተውለት ነው። በዚያ ላይ የከፍታው ምሕረት አለ። ስለዚህ «የጃፓን ዕቃ ነው» ያሉት ሰዎች ምክንያታቸውን ባያውቁትም ረትተዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትርፍ ካለ፣ የዊንጌት ሚኒባሶች ፍሪሲዮን ለምን ዕለት በዕለት ይቃጠላል? ከመርካቶ ወደ ላይ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ያንን የሚከረፋ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ያልሸተተ ማን አለ? አንዲት እናት «ምንድን ነው የሚቃጠለው፣ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁ ረዳቱ «የፊተኛው መኪና ነው፣ ማዘር» ይላቸዋል። ሁልጊዜም የፊተኛው መኪና ነው።

ነገሩ ያለው ዳገት ላይ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ አምቡላንስ ሊገባ ነው፣ አንድ ቪትዝ መሐል ላይ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ባጃጁ በማይገባበት ገብቷል። ሾፌራችን የእጅ ፍሬን አይዝም፤ የእጅ ፍሬኑ ከሠራ ቆይቷል። እግር ፍሬንም አይዝም፤ የረገጠ እንደሆነ የፊቱ ክፍተት በሌላ ሰው ይያዛል። የሚያደርገው ሌላ ነው። ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ይለቅና ነዳጅ ትንሽ ሰጥቶ መኪናዋን ዳገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ አትሄድም፣ አትንሸራተትም። ከውጭ ሲታይ ጥበብ ነው። ውስጥ ግን ቮላኖው እየዞረ፣ ዲስኩ ቆሞ፣ ሸራው መሐል ሆኖ እየተፋቀ ነው።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል፤ እኔም ታክሲ ውስጥ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ አይቼዋለሁ። ሰው የሞላው ሚኒባስ 2 ቶን ተኩል ያህል ይሁን። ዳገቱ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚያወጣ ይሁን። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥላ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ቢዞር፣ ሸራው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 6 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት ተኩል ብዙ አይርቅም። ሁለት ምጣድ ለመሙላት ጥቂት ነው የቀረው። ባለሙያ እመቤት በዚህ ሙቀት ጎን ለጎን እንጀራ እያወጣች ስታጣጥፍ፣ ጋሼ ከእግራቸው ሥር፣ አየር በማይገባው የብረት ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት ስስ ሸራ እየጠበሱ «መንገድ ይከፈት እንጂ!» ብለው ጥሩንባ ይነፋሉ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሞተሩ ትልቀት አልገባም። ቱ ኤልም ይሁን ፋይቭ ኤል ያው ነው። ክብደቱ፣ ዳገቱና የሾፌሩ ግራ እግር ናቸው የገቡት። ክብደቱን ካነሣን ዘንዳ፣ 12 ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት መኪና ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንት እንደሚጭን እናውቃለን። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» በተባለ ቁጥር ሸራው ይስቃል ብዬ አላስብም።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ጎረምሳ ሳላነሣ ባልፍ ይቀየመኛል። ቤንዚን የምትጠጣ አሮጌ ኮሮላ አለችው። ማርሚታዋን አስቆርጦ የውኃ ቱቦ በሚያህል ቧንቧ አስለውጧል፣ አየር ማጣሪያዋን ቀይ አስደርጓል፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ አስገጥሟል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ዊንጌት አደባባይን ሲዞር ሩፋኤል ድረስ ይሰማል። ያን ያህል ጮኻ ምን ያህል ጉልበት እንደጨመረች ቢለካ፣ ይህ ከፍታ ከነጠቃት ሩቡን አይመልስም። ይሁንና ልጁ ፍሪሲዮኗ እንዳይከዳው ተጨንቆ፣ ቨርጂኒያ ያለ አጎቱን አማከረ። አጎቱ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ የነዳው አውቶማቲክ ነው፤ ሦስተኛ ፔዳል የረገጠበትን ቀን አያስታውስም። ምክሩ ግን አልዘገየም፤ «ስቴጅ 3 ልግዛልህ፣ የእሽቅድምድም ነው» አለው።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። የእሽቅድምድሙ ዲስክ ሸራ ለብሶ አይመጣም፤ ከብረትና ከሴራሚክ የተሠሩ ቁርጥራጮች ናቸው ያሉት። ወይ ይይዛል ወይ አይይዝም፤ መሐል ላይ መሽኮርመም አይወድም። ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ ፔዳሉ ይከብዳል፤ አስኮ መንገድ ላይ ሰልፍ የያዘ ሰው ግራ ጭኑ ከቀኙ ይወፍራል። በግማሽ ፍሪሲዮን መንጠልጠል ፈጽሞ አይሆንም፤ መኪናዋ እየዘለለች ነው የምትነሣው። «ደግሞ ስማ፣» አለው ልጁን፣ «ፍሪሲዮንህ ቢንሸራተት ሸራ ትቀይራለህ። አልንሸራተትም ካለ ግን ካምቢዮ ነው የምትቀይረው። የትኛው ነው የሚረክስህ?» ልጁ ለአጎቱ መልሶ ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ በነጋታው የሚያወራው ስለ መቀመጫ ልብስ ነበር።

የ«ይበላዋል» ወገን ባዶ እጁን እንዳይቀር አንድ ቦታ እውነት እንዳለው ልመስክር። ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳ አየር ሲያገኝ ጨምቆ ያስገባል፤ እንጦጦ እንደሌላው አይዘርፈውም። የአሁኖቹ ፒክአፖችና «አባዱላ» የምንላቸው አንዳንድ ሚኒባሶች እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር አላቸው። ኮምፒዩተራቸውን አስከፍቶ ቁጥር ያስቀየረ ሰው እንደ ሞተሩ አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጥምዘዛ ሊጨምርለት ይችላል፤ ያውም ገና ከታች፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ቦታ። ፋብሪካው የተወው ትርፍ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ያለቀ ሸራ ወይም ከሞተሩ ጀርባ የሚንጠባጠብ ዘይት የነካው ዲስክ ከሆነማ ወሬው አለቀ። ምልክቱን ለማየት ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሜዳ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን ጥግ ድረስ መርገጥ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ሽቅብ ሲወጣ መኪናው በነበረበት ፍጥነት ከቀረ ፍሪሲዮኑ አልያዘም። ብዙ ሰው ግን የሚሞክረው በአንደኛ ማርሽ ጎማ እያስጮኸ ነው፤ የሚያልቀው ጎማው ነው።

ክርክሩ ራሱ የቀረው ዕድሜ ብዙ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ዛሬ አደባባዩን ከሚዞሩት መካከል ድምፅ የሌላቸው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ፍሪሲዮን የላቸውም። ሞተራቸው ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጥምዘዛውን ይሰጣል፤ ዳገት ላይ ቆመውም ሸራ አያነዱም፤ ከፍታውም አይገዳቸውም። ጎረምሳው አንዷን አይቶ «ምን ልትቆርጥላት ትችላለህ?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እስከዚያው ግን የነበረችው መኪና ዋጋዋ ስለማይቀመስ ሰው ያለውን ይዞ ሞተር እየቀያየረ፣ ሸራ እየለጠፈ ይኖራል፤ የመካኒኩም ቡና ከአቦል እስከ በረካ አይጓደልም።

የጋሼ ነገር ምን ሆነ? ተቃጠለ። ፋይቭ ኤል በገባ ወር ሳይሞላ መኪናዋ አደባባዩ ጋ ቆማ ሽታዋ ጀበናውን አሸነፈው። «ይበላዋል» ያሉት ሰዎች ደስታቸውን ለመሸሸግ እንኳ አልሞከሩም፤ ሁለተኛ ዙር ቡና ጋበዙ። ካምቢዮው ወረደ። መካኒኩ ዲስኩን አውጥቶ በብርሃን በኩል አየው፤ ሸራው ዙሪያውን እኩል አልቆ ሪቬቶቹ ብቅ ብለዋል። በአንድ ወር የሚመጣ አይደለም፤ የዓመታት ሥራ ነው። ሞተሩ ሲገባ ሸራው ቀድሞውኑ የቀረችው አንዲት ጣት የማትሞላ ነፍስ ነበረች። የቱ ኤል ድካም ሸፍኖት ነው የኖረው። መካኒኩ አዲስ የፋብሪካ ፍሪሲዮን ገጠመ፤ ተራውን፣ ለድሮው ሞተር የሚሆነውን። ከዚያ ጋቢናውን ከፍቶ ፔዳሎቹን አየ። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ደህና ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ አልቆ፣ ሥሩ ያለው ብረት በግራ እግር ጫማ ቅርፅ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣» አላቸው፣ «ሞተሩ ምንም አላደረገም። እርስዎ ግን ሲነዱ ግራ እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ነው የሚውሉት። ማርሽ ካልቀየሩ ያንሡት።»

«አንሥቼ የት ላድርገው?»

«ወለሉ ላይ ነዋ።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው የእግር መርገጫውን ምንጣፍ በእጃቸው ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ የዊንጌት አስፋልት ወለል ብሎ ታየ።

«የትኛው ወለል ላይ?» አሉት።